በትሪፖሊ የተጫረው እሳት ቲምቡክቱ እንዴት ደረሰ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

የዛሬው ርዕሳችን መንግሥታት በሌላ አገር ጉዳይ በጦር ኃይል ጣልቃ ሲገቡ ያላሰቡት መዘዝ እንዴት እንደሚከተል የሚመለከት ነው። ጉዳዩን በጥቅሉ መናገር ቀላል ነው። ጦርነት መጥፎ መሆኑን የማይናገር ማን አለ? እኛ ግን ዛሬ አንድ ዘመቻ ብቻ ይዘን ከመነሻው እስከ መድረሻው እንከተለዋለን። እርሱም በ2011 በሊቢያ ላይ የተካሄደው ዘመቻ ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ። ብዙዎቻችን በዓለም ላይ የሚደርሰውን ጥፋት ሁሉ በረቀቀ ሴራ የተሠራ አድርገን መተርጎም ይቀናናል። ዛሬ የምናወራው ስለ ሴራ አይደለም። ኒያው መልካም ነበር እንበል፣ ወይም ጥቅም ፍለጋ ነበር እንበል፤ ጥያቄያችን ሌላ ነው። ዘመቻውን ያዘዙት ሰዎች ያላቀዱት፣ አንዳንዶቹም በካርታ ላይ ፈልገው የማያገኙት ከተማ ለምን ተቃጠለ?

ዘመቻው እንዴት ተጀመረ?

ኮሎኔል ሙዓመር ጋዳፊ ሊቢያን ከ1969 ጀምሮ ለ42 ዓመታት ገዝተዋል። አገሪቱ በነዳጅ ዘይት ሀብቷ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሻለ ኑሮ ቢኖራትም፣ ፓርቲ ማቋቋምም ሆነ መሪውን መንቀፍ በእስርና በሞት ያስቀጣ ነበር። በ1996 በትሪፖሊው አቡ ሰሊም እስር ቤት ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞች መገደላቸው በሕዝቡ ልብ ውስጥ ያልሻረ ቁስል ነበር። በፌብሩዋሪ 2011 በቤንጋዚ ተቃውሞ የተቀሰቀሰውም የነዚሁ ሟቾች ቤተሰቦች ጠበቃ በመታሰሩ ነው። መንግሥት ለተቃዋሚዎቹ በጥይት መለሰላቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ነገሩ ወደ ትጥቅ ፍልሚያ ተቀየረ። የመንግሥቱ ጦር ወደ ቤንጋዚ ሲጠጋ ጋዳፊ ለታጠቁት ምሕረት እንደሌላቸው በሬዲዮ ዛቱ።

ማርች 17 ቀን 2011 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቁጥር 1973 የተባለውን ውሳኔ አሳለፈ። አሥር አገሮች ደገፉት፤ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ጀርመን፣ ሕንድና ብራዚል ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ውሳኔው ሰላማዊ ሰዎችን ለመጠበቅ አስፈላጊው እርምጃ ሁሉ እንዲወሰድ ሲፈቅድ፣ የውጭ ወራሪ ጦር በሊቢያ ምድር እንዳይገባ ግን ከልክሏል። ከሁለት ቀን በኋላ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ድብደባ ተጀመረ። ቀጥሎም ኔቶ ዘመቻውን ተረከበ።

እንግዲህ ልብ እንበል። የተፈቀደው ሰላማዊ ሰው መጠበቅ ነው። ሆኖም አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ የሦስቱ አገሮች መሪዎች በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ጋዳፊ ሥልጣን ላይ ባሉበት የሊቢያ መጪ ዘመን ሊታሰብ እንደማይችል አስታወቁ። የዘመቻው ግብ ከጥበቃ ወደ መንግሥት ግልበጣ የተሸጋገረው በዚህ መልኩ ነው። የኔቶ አውሮፕላኖች ከ26 ሺህ ጊዜ በላይ በረሩ። በኦገስት ትሪፖሊ ወደቀች። ኦክቶበር 20 ቀን ጋዳፊ ሲርት አጠገብ ተይዘው ተገደሉ። በወሩ መጨረሻ ኔቶ ዘመቻው በድል መጠናቀቁን አውጆ ወጣ። ከወራሪዎቹ ወገን የወደቀ ወታደር አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚያ ሰሞን ብዙዎች ይህን ለወደፊቱ ጣልቃ ገብነት ጥሩ አብነት ብለው አሞገሱት።

ያልተሰማው ጎረቤት

ከድብደባው በፊት ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ደኅንነት ምክር ቤት ማርች 10 ቀን 2011 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ የደቡብ አፍሪካ፣ የዩጋንዳ፣ የሞሪታኒያ፣ የኮንጎ ሪፐብሊክና የማሊ መሪዎች የሚገኙበት የሽምግልና ኮሚቴ አቋቋመ። ዕቅዳቸው ተኩስ እንዲቆም፣ እርዳታ እንዲገባ፣ በሊቢያ የሚኖሩ የአፍሪካ ስደተኛ ሠራተኞች እንዲጠበቁና የፖለቲካ ለውጥ በድርድር እንዲመጣ ነበር። መሪዎቹ ማርች 20 ቀን ወደ ትሪፖሊ ሊበሩ ተዘጋጁ። ድብደባው ግን አንድ ቀን ቀድሟቸው ተጀመረ፤ የመብረር ፈቃድም ተከለከሉ። በኤፕሪል ትሪፖሊ ሲደርሱ ጋዳፊ ዕቅዱን ተቀበሉ፤ የቤንጋዚ ታጣቂዎች ግን የሰውየውን ከሥልጣን መውረድ አልያዘም በማለት ውድቅ አደረጉት።

ሽምግልናው ይሳካ ነበር ብሎ የሚምል የለም። ጋዳፊ ቃላቸውን ስለመጠበቃቸው የሚጠራጠር ሰው ምክንያት አለው። ይሁንና እነዚህ ጎረቤቶች አንድ ነገር ያውቁ ነበር። የሊቢያ ቤት ቢፈርስ ፍርስራሹ የሚወድቀው በነርሱ ግቢ ነው። ከአምስቱ መሪዎች መካከል የማሊውን ፕሬዚዳንት አማዱ ቱማኒ ቱሬን ያስታውሱልን። ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ከሰማይ ሆኖ መጋዘን አይጠበቅም

ጋዳፊ በነዳጅ ገንዘባቸው ለአሥርተ ዓመታት የጦር መሳሪያ ሲያከማቹ ኖረዋል። ትከሻ ላይ ተሸክመው አውሮፕላን የሚመቱባቸው ሚሳይሎች ብቻ 20 ሺህ ያህል እንደነበሩ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ገምተዋል። ክላሹ፣ መትረየሱ፣ ፈንጂውማ በቁጥር የሚታወቅ አልነበረም። ይህ ሁሉ በሰፊው በረሃ በተበተኑ መጋዘኖች ውስጥ ተከማችቶ ነበር።

ያልታሰበው መዘዝ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላን ታንክ ማቃጠል ይችላል፤ የመጋዘን ቁልፍ መያዝ ግን አይችልም። የውጭ ጦር በምድር እንዳይገባ የተከለከለው ወረራን ለማስቀረት ነበር፤ ዓላማው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን መንግሥቱ ሲፈርስ ዘበኞቹም አብረው ጠፉ፤ በቦታቸው የቆመ ማንም አልነበረም። በር የሰበረው ሄደ፤ ቤቱ ለገባ ለወጣው ክፍት ሆኖ ቀረ። የሊቢያን የመሳሪያ ማዕቀብ የሚከታተሉ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በኋላ ባቀረቧቸው ሪፖርቶች መሳሪያው ከአሥር በላይ ወደሆኑ አገሮች መዛመቱን ገልጸዋል።

በሊቢያ ውስጥም ታጣቂው መሳሪያውን አላወረደም። አዲሱ አስተዳደር ሚሊሻዎቹን ለማስታገስ ደመወዝ ይከፍላቸው ጀመር። መሳሪያ መያዝ የሚያስከፍል ሥራ ሲሆን ደግሞ ትናንት ያልተዋጋውም ዛሬ “ታጋይ ነበርኩ” ብሎ ተመዘገበ። በ2014 አገሪቱ በትሪፖሊና በምሥራቅ በተቀመጡ ሁለት ተቀናቃኝ አስተዳደሮች ተከፈለች። በዲሴምበር 2021 ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው ምርጫም ሳይካሄድ ቀረ። በ2023 በደርና ከተማ ላይ ሁለት ግድቦች ፈርሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጎርፍ ሲያልቁ፣ የግድቦቹ ጥገና በ2010 ተጀምሮ በ2011 ሁከት የተቋረጠ እንደነበር ታወቀ። ቦምብ ያልነካውን ግድብ የጠባቂ አልባነቱ ዘመን አፈረሰው።

መሳሪያውና ሰዎቹ ወደ ደቡብ

አሁን ከሊቢያ ወደ ደቡብ ሰሃራን እንሻገር። በማሊና በኒጀር በረሃ የሚኖሩት ቱዋሬጎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ድርቅ ከብቶቻቸው ሲያልቁ ብዙ ወጣቶቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ሊቢያ ተሰደዱ። ጋዳፊም ከነርሱ መካከል ብዙዎቹን አስታጥቀው በጦራቸው ውስጥ አሠለፏቸው። ቱዋሬጎች በማሊ መንግሥት ላይ ያላቸው ቅሬታ ከዚህ የቀደመ ነው፤ ከ1963 ጀምሮ በተደጋጋሚ አምፀዋል። ስለዚህ የማሊ ችግር ሁሉ ከሊቢያ መጣ ማለት ትክክል አይሆንም። ማገዶው ቀድሞውኑ ነበር፤ የተጨመረበት ክብሪትና ቤንዚን ነው።

ጋዳፊ ሲወድቁ እነዚህ ወታደሮች ደመወዝም፣ ጌታም፣ መጠጊያም አጡ። የቀራቸው መሳሪያና መኪና ብቻ ነበር። ይህንኑ ጭነው በ2011 መጨረሻ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። በኦክቶበር 2011 የአዛዋድ ነፃ አውጪ ንቅናቄ ተመሠረተ፤ የጦር አዛዡም በሊቢያ ሠራዊት ኮሎኔል የነበረው ሙሐመድ አግ ነጂም ነበር። ጃንዋሪ 17 ቀን 2012 መናካ በተባለችው ከተማ ላይ ጥቃት ከፈቱ። የማሊ ጦር በመሳሪያ ተበልጦ ብዙ ወታደሮች አለቁበት። የተቆጡ ዝቅተኛ መኮንኖች ማርች 22 ቀን ባማኮ ላይ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ።

ከሥልጣን የተባረሩት ፕሬዚዳንት ማን ነበሩ? ከአንድ ዓመት በፊት የሊቢያን እሳት ሊያበርዱ ከተመረጡት አምስት ሸምጋዮች አንዱ፣ አማዱ ቱማኒ ቱሬ ነበሩ። የሥልጣን ዘመናቸውን ጨርሰው በምርጫ ሊያስረክቡ የቀራቸው አንድ ወር ገደማ ነበር። ሱብሃነላህ! የጎረቤቱን እሳት ላጥፋ ያለው ሰው ቤቱ በዚያው እሳት ተበላ።

መፈንቅለ መንግሥቱ በተደረገ በአሥር ቀን ውስጥ ኪዳል፣ ጋኦና ቲምቡክቱ ተከታትለው ወደቁ። ብዙም ሳይቆይ የቱዋሬጎቹን ንቅናቄ ራሱን አልቃዒዳና አጋሮቹ የሆኑት አንሳር ዲንና ሌሎች ቡድኖች ገፍትረው ከከተሞቹ አስወጡት። የሊቢያን ዘመቻ ያዘዙት አልቃዒዳን ዋነኛ ጠላታችን የሚሉ መንግሥታት ናቸው። መጨረሻው ግን አልቃዒዳ በሕይወቱ አግኝቶት የማያውቀውን ሰፊ ግዛት ማግኘቱ ሆነ።

የመጻሕፍቱ ከተማ

ቲምቡክቱ ለኛ ለሙስሊሞች ምን ማለት እንደሆነች መናገር ይገባል። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 ሐጅ አድርገው ሲመለሱ ያሠሩት የጂንገሬይበር መስጊድ እስከ ዛሬ የቆመባት፣ በሳንኮሬ መስጊድ ዙሪያ ተማሪዎች ፊቅህ፣ ሰዋስው፣ ሥነ ከዋክብትና ሕክምና የተማሩባት፣ ቤተሰቦች የእጅ ጽሑፎችን እንደ ወርቅ ለልጅ ልጅ ያወረሱባት ከተማ ናት።

ከተማዋ ያልታሰበ መዘዝን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በ1590 የሞሮኮው ሱልጣን አሕመድ አል-መንሱር ወርቅ ፍለጋ በጁዳር ፓሻ የሚመራ ጠመንጃ የታጠቀ ጦር ሰሃራን አሻግረው ላኩ። ጦሩ ቶንዲቢ ላይ የሶንጋይን መንግሥት ድል ነሣ። ሆኖም የወርቁ ማዕድን ከዚያም ወዲያ በስተደቡብ ስለነበር የተመኙት ሳይገኝ ቀረ። የሶንጋይ መንግሥት ፈረሰ፤ ንግዱ ተዳከመ፤ የተላኩት ወታደሮች ልጆችም ከሞሮኮ ተለይተው ራሳቸውን ችለው ገዢዎች ሆኑ። ታላቁ የፊቅህ ሊቅ አሕመድ ባባ በሰንሰለት ታስረው ወደ ማራኬሽ ተወሰዱ፤ 1600 መጻሕፍታቸውም እንደጠፉባቸው ተናግረዋል። ጣልቃ ገቡ ሙስሊም፣ የተወረረውም ሙስሊም ነበር። ስለዚህ ነገሩ የምዕራብና የምሥራቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሩቅ ሆኖ የሌላውን ቤት ማፍረስ ያለው ባሕርይ ነው።

ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ በ2012 ታጣቂዎቹ የከተማዋን የሷሊሖች መቃብር ሕንፃዎች በዶማና በመጥረቢያ አፈረሱ፤ ዘመናት ያስቆጠረውን የሲዲ ያሕያ መስጊድ በርም ሰበሩ። ይህ ሁሉ የተደረገው በዲን ስም ነው። የከተማዋ ዑለማዎችና ነዋሪዎች ግን ዲናቸውን ለዘመናት የተማሩት ከነዚሁ መስጊዶች ነው፤ ሐዘናቸው መሪር ነበር። ድርጊቱን ከመሩት አንዱ በሔግ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2016 የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

አላህ ያቆየው ደግሞ አለ። አብዱልቃዲር ሐይደራ የተባሉት የመጻሕፍት ጠባቂና ባልደረቦቻቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፎችን በቆርቆሮ ሣጥን እየሞሉ፣ በሌሊት በመኪናና በኒጀር ወንዝ በጀልባ እያጓጓዙ ባማኮ አስገቡ። በጃንዋሪ 2013 ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው ሲሸሹ ግን ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ የእጅ ጽሑፎችን አቃጠሉ። የተቃጠሉት በዚያው በግዞተኛው ሊቅ ስም በተሰየመው የአሕመድ ባባ ተቋም ውስጥ የነበሩ ናቸው።

ሁለተኛው መድኃኒት

በጃንዋሪ 2013 የፈረንሳይ ጦር በማሊ መንግሥት ጥያቄ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ከተሞቹን አስለቀቀ። የቲምቡክቱ ሕዝብ በደስታ ተቀበለው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ታጣቂዎቹ ከከተማ ወጡ እንጂ አልጠፉም። ወደ መካከለኛው ማሊ፣ ወደ ቡርኪና ፋሶና ወደ ኒጀር ገጠሮች ተበተኑ። በእረኛና በገበሬ መካከል የነበረው የግጦሽና የውኃ ጠብ በክላሽ የሚፈታ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ከ2013 እስከ 2023 ቆይተው ከሦስት መቶ በላይ አባሎቻቸውን አጥተው ወጡ። የፈረንሳይ ጦርም በ2022 ከማሊ ተባረረ። ማሊ በ2020ና በ2021፣ ቡርኪና ፋሶ በ2022 ሁለት ጊዜ፣ ኒጀር በ2023 መፈንቅለ መንግሥት አስተናገዱ። በቡርኪና ፋሶ ብቻ በ2023 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበር።

ጉዳቱ በሰሃራ ዙሪያም አልተወሰነም። ሩሲያና ቻይና በሊቢያ ተታለልን በማለት በሶሪያ ጉዳይ የቀረቡ ውሳኔዎችን በድምፅ መሻር መብታቸው ደጋግመው ጣሉ። ሰሜን ኮሪያ ደግሞ በ2003 የጅምላ ጨራሽ መሳሪያ ፕሮግራሟን በገዛ ፈቃዷ የተወችው ሊቢያ ምን እንደገጠማት ጠቅሳ፣ የራሷን የኒውክሌር መሳሪያ አጥብቃ የመያዟ ትክክለኛነት ማሳያ አደረገችው።

የኛም ልጆች

ከ2011 በፊት በሊቢያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የውጭ ሠራተኞች ይኖሩ እንደነበር ይገመታል። ኑሯቸው የተመቸ ነበር አንልም፤ ሆኖም ብዙዎች ሠርተው ለቤተሰብ ይልኩ ነበር። በጦርነቱ ወቅት ጥቁር ሁሉ የጋዳፊ ቅጥረኛ ተብሎ ተጠረጠረ። ታዌርጋ የተባለችው የጥቁር ሊቢያውያን ከተማ አርባ ሺህ ያህል ነዋሪዎቿ ተባረው ባዶ ቀረች። ከዚያ በኋላ ሊቢያ የሥራ አገር መሆኗ ቀርቶ ሕገወጥ ደላሎች ሰውን የሚያግቱባት፣ ቤተሰብን በስልክ እያስለቀሱ ገንዘብ የሚቀበሉባት መተላለፊያ ሆነች። በሱዳን በኩል ሰሃራን አቋርጠው የሚሄዱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወጣቶች የዚህ ዋነኛ ሰለባ ናቸው።

በኤፕሪል 2015 ደግሞ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ምድር ኢትዮጵያውያን ክርስቲያን ወገኖቻችንን በግፍ ሲገድል የሚያሳይ ምስል ለቀቀ። በአገራችን የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ተቀምጦ አለቀሰ። እነዚያ ልጆች የጸጥታው ምክር ቤት በ2011 ምን እንደወሰነ ላያውቁ ይችላሉ። የውሳኔው መዘዝ ግን በረሃ ላይ ጠበቃቸው።

ታዲያ ዝም ይባል ነበር?

አንዳንድ አድማጮች ይህን ይጠይቁ ይሆናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕዝብ ሲታረድ ቆሞ ማየትም ኃጢአት ነው። ሰፊ የውጭ ዘመቻ ዘግይቶና በሌላ መልክ በመጣባት ሶሪያም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ስለዚህ “ጣልቃ መግባት ሁልጊዜ ክፉ ነው፤ ዝምታ ሁልጊዜ ደግ ነው” ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሊቃውንቶቻችን ግን ለዚህ መለኪያ አስቀምጠውልናል። ከፊቅህ መርሆች አንዱ ጉዳት በአምሳያው ወይም በሚበልጠው ጉዳት አይወገድም የሚል ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግራናዳ የኖሩት ኢማም አሽ-ሻጢቢም አንድ ሥራ ከመሠራቱ በፊት መጨረሻው የሚያደርስበት ቦታ መታየት እንዳለበት አስተምረዋል። የኒያ ማማር ብቻውን በቂ አይደለም። በዚህ መለኪያ የሊቢያ ዘመቻ ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተጀመረ ነው። በሩ ከተሰበረ በኋላ ቤቱን የሚጠብቀው ማን ነው? የተፈቀደው ሲፈጸም የሚቆመው የት ላይ ነው? ፍርስራሹ የሚወድቅበት ጎረቤት ተጠይቋል ወይ?

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። የእንግሊዝ ፓርላማ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ ሰላማዊ ሰዎችን ለመጠበቅ የተጀመረው ዘመቻ ወደ መንግሥት ግልበጣ መንሸራተቱንና በሰላማዊ ሰዎች ላይ የተደቀነው አደጋ ተጋኖ መቅረቡን አረጋግጧል። ፕሬዚዳንት ኦባማም በዚያው ዓመት የሥልጣን ዘመናቸው ትልቁ ስህተት ምናልባት ከሊቢያው ዘመቻ በኋላ ስለሚመጣው ቀን አለማቀድ እንደነበር ተናግረዋል። ስህተቱን ማመን መልካም ነው። ነገር ግን ሪፖርቱ የተጻፈው በለንደን፣ ኑዛዜው የተሰማው በአሜሪካ ነው። ዕዳውን የከፈለችው የመናካ እናት፣ የቲምቡክቱ መጽሐፍ ጠባቂ፣ የኛው ስደተኛ ልጅ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ነገ ደግሞ ሌላ ዘመቻ ሲታወጅ እንሰማ ይሆናል። ያን ጊዜ ስለ አውሮፕላኖቹ ብዛትና ስለ ንግግሮቹ ማማር ከመከራከራችን በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እናንሳ። አላህ (ሱ.ወ) ለተበደሉት ፍትሕን፣ ለተፈናቀሉት መጠጊያን፣ በበረሃና በባሕር ላሉት ልጆቻችን ጥበቃውን ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።